ጸሐፊ በሞላበት አንዲት አንባቢ

«ደፋሯ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

ስልኩን ያነሳሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ውስጥ ፍሮንት ዴስክ ላይ ታካሚ እቀበላለሁ፤ ፊት ለፊቴ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ የኢንሹራንስ ካርዱን ኪስ በኪስ ይፈልጋል። በዚያ ስም ከተጠራሁ ዓመታት አልፈዋል። «ነበርኩ» አልኩ።

«የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ነኝ። ስምሽን ስለማላውቀው ይቅርታ፤ እማዬ ስልክ ላይ የተጻፈው እንዲህ ተብሎ ነው። እማዬ ትናንት ዐረፈች።»

ሰውዬው ካርዱን አግኝቶ ዘረጋልኝ። ተቀብዬ ያዝኩት። ልጅቷ ቀጠለች፤ «ሌሎችም አሉ። ዝናቧ፣ ጎረምሳው ሽማግሌ፣ ብረት በር የሚል ሁሉ አለ። ብረት በር ጋ ደውዬ ምን እንደምል ጨንቆኛል። ሰዎች ናቸው አይደል?»

«ሰዎች ናቸው» አልኳት። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ለሁሉም እኔ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ጉንጩ ያበጠውን ሰውዬ የሌላ ሰው ፎርም አስሞልቼው ኖሮ ሐኪሙ ሲቆጣኝ ዋለ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር። ዛሬ ሁሉም በየስልኩ በአማርኛ እንደ ልቡ ይጽፋል። ያኔ ግን ፊደሉን ራሱ ዳውንሎድ አድርገን፣ ኮምፒውተሩ እንዲቀበለን መለማመጥ ነበረብን። በዚያ ዘመን አጭር ልብ ወለድ፣ ግጥምና ወግ የምንለጥፍበት አንድ ድረ ገጽ ነበረን፤ «መድረኩ» ነው የምንለው፤ የሚበዛው ሰው የሚጽፈው እንደ ደፋሯና ብረት በር ባለ የብዕር ስም ነው። ከስቶክሆልምም ከጅዳም የሚጽፍ አለ፤ የሚበዛው ግን የዚሁ የእኛው አካባቢ ሰው ነው፤ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዊተን፣ የአሌክሳንድሪያ። ቀን ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ነርሲንግ ሆም ሽማግሌ የሚያስታምመው፣ ታክሲ የሚነዳው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ደራሲ ነው። መከራችንም እሱ ነበር። ሁሉም ይጽፋል፤ የሚያነብ የለም። የሰው ጽሑፍ የምንከፍተው የእኛን እንዲከፍቱልን ነው። ሁለተኛውን መስመር ሳናይ «ድንቅ ነው፣ በርቺ!» ብለን እንወጣለን። እኔማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዱ አባቱ ሞቶበት የጻፈው ላይ «ቀልዱ ተመችቶኛል» ብዬ ዐውቃለሁ።

እንዲህ የማያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የመድረክ ስሙ «አንባቢ» ነው። አንድም ቀን የራሱን ነገር ለጥፎ አያውቅም። ግን በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር፣ ባለቤቱ እንኳ የረሳው ጽሑፍ ሥር ሳይቀር፣ ሁለት መስመር ታገኛላችሁ። «አንብቤዋለሁ። ሴትዮዋ እየተቆጣች የልጇን የሸሚዝ ቁልፍ የቆለፈችበት ቦታ ደስ አለኝ።» ወይም፣ «አንብቤዋለሁ። ሰውዬው ገጽ ሁለት ላይ ሞቶ ገጽ አምስት ላይ እጅ ይነሳል፤ እየው እስቲ።» በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ደግሞ የሆነ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሊቅ ነው ብለን ደመደምን።

አንድ ቅዳሜ የዚህ አካባቢ አባላት እንተዋወቅ ብለን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት ተቃጠርን። ሊቁን ስንጠብቅ ባለጎማ የገበያ ቦርሳ የሚጎትቱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ መጡና «ልጆቼ፣ የጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ይሄ ነው?» አሉ።

«እማማ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?» አላቸው ብረት በር።

«አንተን ነው እንጂ፤ ብረት በር ነህ አይደል? እንዲህ እጅህን እያወናጨፍክ እንደምታወራ ከጽሑፍህ ዐውቄያለሁ» አሉት። ቦርሳቸውን ሲከፍቱ የሁላችንም ጽሑፍ ፕሪንት ተደርጎ፣ በየስማችን ታስሮ ተቀምጧል። ለካ ሊቁ «አንባቢ» እሳቸው ናቸው።

እትዬ ዘነበች አገር ቤት ሳሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እዚህ ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት፤ ዊተን አንድ አፓርትመንት ውስጥ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እሳቸው በአማርኛ ያዝዛሉ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ወገን ተግባብቻለሁ ይላል። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር የእኛን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ አስቸግሯቸው ነበር። እሳቸው ምናቸው ሞኝ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ፈረንጅ በጣት እያሳዩ፣ ባለቻቸው ጥቂት እንግሊዝኛ እየጎተጎቱ ፊደሉን አስጫኗት። በኋላማ ፈረንጇ ራሷ ሲገቡ ስታይ «ዛሬ ማን ጻፈ?» ትላቸው ጀመር።

«እርስዎስ ለምን አይጽፉም?» ስላቸው፣ «ሁሉም ከዘፈነ ማን ያጨብጭብ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ግን ከቀልድ ወጥተው የነገሩኝ ይሄ ነው፦ «መዝገብ ቤት ሳለሁ ሰው አቤቱታውን በመከራ አስጽፎ ያመጣል። አንድ ሰው ያነብልኛል ብሎ ነው እኮ። ስንቱ ሳይገለጥ አቧራ ሲጠጣ አየሁ መሰለሽ! ማንበብ የእኔ ሥራ አልነበረም፤ የእኔ ቁጥር ሰጥቶ መደርደር ብቻ ነው። በስርቆሽ አነብ ነበር። ቢያንስ እኔ ልወቅልህ ብዬ።»

የማልረሳው ጥያቄያቸው ደግሞ አለ። «ያንተን ጽሑፍ በጣም ወድጄዋለሁ» ብላችሁ ለአንዱ ስታወሩ እትዬ ዘነበች አጠገባችሁ ካሉ ጉድ ፈላ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የቱ ጋ?» ይላሉ። አንብባችሁ ከሆነ ትመልሳላችሁ። ካላነበባችሁ ጆሯችሁ ድረስ ትቀላላችሁ። ስንቱ ደራሲ ከዚያች ጥያቄ ለማምለጥ ሲል ብቻ ማንበብ ጀመረ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ከመሃላችን በእውነተኛ ስማቸው የሚጽፉት ጋሽ ታምራት ብቻ ነበሩ። አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት፤ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሲሆኑ የእድራቸውም ጸሐፊ ናቸው። ወጋቸው ሆድ እስኪያም ያስቃል። እኔ የበደልኩት እኒህን ሰው ነው።

ደፋሯ የተባልኩት በከንቱ አይደለም፤ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። አንድ ቀን ሌላ የአማርኛ ድረ ገጽ ስበረብር፣ «ሹክሹክታ» በሚል የብዕር ስም የተለጠፈ የቆየ ታሪክ አገኘሁ። ሁለት ሽማግሌዎች የእድር ስብሰባ ላይ በአንድ ወንበር ይጣላሉ። ይሄን ታሪክ ዐውቀዋለሁ! ጋሽ ታምራት ያን ሰሞን መድረካችን ላይ የለጠፉት ነው። እድሩን ሠርግ አድርገውታል፣ ስሞቹ ተቀይረዋል፤ የቀረው ቃል በቃል ነው። የሹክሹክታ ቀኑ ግን በሁለት ዓመት ይቀድማል። ደሜ ፈላ። አልጠየቅሁ፣ አልደወልኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለጠፍኩና ከላይ «ሌባ ተይዟል!» ብዬ ጻፍኩበት።

ወዲያው ሁሉም ተረባረበ። አንድም ቀን ጋሽ ታምራትን አንብቦ የማያውቅ ሁሉ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ። እሳቸው የመለሱት አንድ መስመር ነው፤ «ሌባ አይደለሁም።» ከዚያ በኋላ ጠፉ። እኔ ደግሞ ጀግና ሆንኩ፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ኮል አደረጉልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለቱን አንብበሻቸዋል?»

«አዎ፣ እትዬ፤ ቃል በቃል ነው!»

«ቃሉንማ አየሽ። ሰውየውን አነበብሽው ወይ ነው የምልሽ። ታምራት ሲጽፍ የሚዋሽ ሰው ሁሉ ውሃ ይጠጣል፤ ልብ ብለሽዋል? ሹክሹክታ የሚሉትም ጋ እንደዚያው ነው። ሂጂና እዪ፤ ከዚያ ደውዪልኝ።»

እያጉረመረምኩ የሁለቱንም አሮጌ ጽሑፎች ከፈትኩ። አንዱ ጋ ባል ሚስቱን ዋሽቶ ብርጭቆ ያነሳል። ሌላው ጋ ደላላ ዋሽቶ ከቧንቧ ይጎነጫል። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ሹክሹክታ ራሳቸው ጋሽ ታምራት ናቸው፤ የሰረቁት ከራሳቸው ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን የእኔ ነው አላሉም?» አልኳቸው ደውዬ።

«እሱን ሄደን እንጠይቀዋለን።»

«በስልክ ይቅርታ ብጠይቃቸውስ?»

«በሰው ፊት ያዋረድሽውን ሰው? ደጁ ድረስ ሄደሽ ነው እንጂ! ስልክ ምን ዐይን አለው?»

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ሬድ ላይን የሚሉት የባቡር መስመር ደግሞ በእኛ ቀን ሐዲዱ እየተጠገነ ከባቡር ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ሲያንከራትተን ቆይቶ አሌክሳንድሪያ ደረስን። መንገዱን ሙሉ እንዲህ እላለሁ፣ እንዲያ እላለሁ እያልኩ ስለማመድ፣ እትዬ ዘነበች ከቦርሳቸው የአንዱን ግጥም አውጥተው ያነባሉ።

ጋሽ ታምራት በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ለካ ቤታቸው የእድሩ ኮሚቴ ተሰብስቧል። ሦስት ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። «ጸሐፊ፣ እንግዶችህ ናቸው?» አሉ ሊቀመንበሩ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እትዬ ዘነበች ዐይናቸውን ሳያሹ «እድሩ ውስጥ ልንመዘገብ ነው የመጣነው» ብለው ወንበር ሳቡ። እኔ ሞት የሚባል ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ በዚያች ቀን ተመዘገብኩ፣ እስከ ዛሬም አባል ነኝ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ ሊቀመንበሩ ስማችንን እያስጻፉ፤ «ብቻ ኢንተርኔት ላይ የምትጽፉ እንዳትሆኑ። አንድ ሹክሹክታ የሚባል ጉድ አለብን። ከመሃላችን ሆኖ ገመናችንን ለዓለም ይዘራል። እኔን በወንበር ምክንያት አገር ሳቀብኝ እኮ! ልጆቼ ሳይቀሩ አንብበው ሳቁ! የተገኘ ቀን ከእድሩ ብቻ አይደለም፣ ከሰላምታም ነው የምናስወጣው። ማን ይመስልሃል፣ ጸሐፊ?»

«እኔ ምን ዐውቄ» አሉ ጋሽ ታምራት። ከዚያም ብርጭቆ አንስተው ውሃቸውን ግጥም አድርገው ጠጡ።

እትዬ ዘነበች በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጋሽ ታምራት ፓርኪንጉ ድረስ ሸኙን። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» ብዬ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ተይ፣ ሰው ያያል።» ዝግ ባለ ድምፅ ነገሩን። «ባለቤቴን የሸኙልኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። አርባ ቀን ሙሉ ብቻዬን አላሳደሩኝም። ወንበር ወንበር የሚሉት ሰውዬ ናቸው ሶፋዬ ላይ እያደሩ የከረሙት። ስለምወዳቸው ነው የምስቅባቸው፤ ይሄን ግን ቢሰሙ ማን ያምነኛል? ሹክሹክታ እያልኩ የምጽፍበት ያ ድረ ገጽ ሊዘጋ ነው ሲሉ ጊዜ፣ አንዷን እንኳ በስሜ ልጥራት ብዬ ነው ጣጣ ውስጥ የገባሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሜን መልሺልኝ። ያኛውን ስም ግን አንስተሽ እንዳትናገሪ።»

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ማልቀስ ጀመርኩ። «ማስረጃ ሳላቀርብ እንዴት ነው የሚያምኑኝ? ይቦጫጭቁኛል እኮ፣ እትዬ!»

«ይቦጫጭቁሻ! እሱን ሲቦጫጭቁት ደስ ብሎሽ አልነበር?»

ቤቴ ገባሁና ጻፍኩ። «ጋሽ ታምራት የለጠፉት ታሪክ የራሳቸው ነው። ሌባ ያልኩት በሐሰት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ አልናገርም።» ሦስት መስመር ናት። ከዚያ በኋላ የወረደብኝን አልነግራችሁም። ዘመዷ ነው አሉ፣ አስፈራርቷት ነው አሉ፣ ድሮም ውሸታም ናት አሉ። ልመልስ እጄን አነሳለሁ፣ ምን ብዬ? እውነቱን ብናገር ሰውየውን ሁለተኛ መግደል ነው። በሦስተኛው ቀን «አንባቢ» ከሥሩ ጻፈ፤ «አንብቤዋለሁ። እኔም እንዴት እንደሆነ ዐውቃለሁ። እኔም አልናገርም።»

ያኔ ነው መድረኩ ጸጥ ያለው። እትዬ ዘነበች ያላነበቡትን አንብቤያለሁ ብለው እንደማያውቁ ሁሉም ያውቃል። አንድ በአንድ እየመጡ ጋሽ ታምራትን ይቅርታ ጠየቁ። ብረት በርማ ግጥም ጻፈላቸው፤ ግጥሙ መጥፎ ነበር።

ጋሽ ታምራት ግን አልተመለሱም። በየቀኑ እየከፈትኩ አያለሁ፤ ምንም የለም። «ይመለሳሉ፣ እትዬ?» ስል፣ «እንጃ፤ ስሙን መለስሽለት፣ ልቡን መመለስ ያንቺ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ማባበል የሚባል ነገር አያውቁም። ያ ነገር ውስጤ ቀረ። በሰው ሳቅ ላይ በር የዘጋሁት እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት አሰብኩ። የራሴን ጽሑፍም እየተውኩት መጣሁ።

መድረኩም እንደ ሁሉ ነገር ቀዘቀዘ። ሰዉ ወደ ትልልቆቹ ገጾች ሄደ፤ እዚያ አውራ ጣት ተጭኖ ማለፍ ነው፣ «የቱ ጋ?» የሚል የለም። ድረ ገጹ ሲዘጋ አንድ ሰው እንኳ አላወቀም። እትዬ ዘነበች ግን የሁላችንንም ስልክ ይዘው ነበር፤ ተራ በተራ ይደውላሉ። «ጻፍሽ?» «አልጻፍኩም።» «ደኅና ነሽ?» «ደኅና ነኝ።» «ደኅና ከሆንሽ ለምን አልጻፍሽም?» በኋላ የስኳር በሽታ ዐይናቸውን አጠፋው። ለእሳቸው፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ ዐይናቸውን! ከዚያ ወዲያ ዊተን ቤታቸው የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ማየት ስለከበደኝ ነው።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ ልጃቸው ግራ ገብቷት በር ላይ ቆማለች። ሸበቶ ሰውዬ ይመጣና «ብረት በር ነኝ፤ እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። ወፍራም ሴት «ዝናቧ ነኝ» ብላ አቅፋት ታለቅሳለች። በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው በኩል ከአሌክሳንድሪያ የመጣው እድር ተቀምጧል። ድንኳን የለ፣ ግቢ የለ፤ በዚያች ጠባብ ሳሎን ሊቀመንበሩ ከብረት በር ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ሟቿ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ይጠያየቃሉ። ጋሽ ታምራት ጥግ ላይ ነበሩ። ሸምግለዋል። በዐይናቸው ሰላም አሉኝ፤ እኔም አንገቴን ሰብሬ ሰላም አልኩ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ይቅር ብለውኛል፣ ግን ማን ይረሳል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ታምራት ነኝ» አሉ። «ከእድሩ መዝገብ ላይ ነው ቁጥርሽን ያገኘሁት።»

ደንግጬ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል? የወይዘሮ ዘነበች ዐይን ከጠፋ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በስልክ አነብላቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ።»

«የማንን ጽሑፍ?»

«የራሴን ነዋ።»

«ይጽፉ ነበር?»

«መቼ አቆምኩ! መለጠፉን ነው እንጂ የተውኩት። እሳቸው እያሉ ሌላ አንባቢ ምን ያደርግልኛል ብዬ። አሁን እሳቸው ታመው ሳሉ የጀመርኳት አለች፤ ትናንት ጨረስኳት። ማን ጋ ልደውል? ሽማግሌዎቹ ጋ እንዳልደውል ስለነሱ ናት። ጊዜ አለሽ?»

ጫማዬን አንድ እግር አጥልቄ ሥራ ልወጣ ነበር። አወለቅሁትና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። «አለኝ» አልኩ።

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ከዚያ ቆመ።

«ከመጀመሬ በፊት» አሉ፤ «ይቺን ታሪክ ሌላ ቦታ አይተሻት እንዳይሆን።»

እየሳቁ ይሁን እያዘኑ ከድምፃቸው መለየት አቃተኝ። እንባዬ መጣ።

«አላየኋትም፣ ጋሼ» አልኩ። «ያንብቡልኝ።»